የሌላ ሰው ዶሮዎች

ቀያሽ ያገባ ቤተሰብ ሳይለካ አይውልም። የዚያን ዕለት ጠዋት የሠዓሊዋ እህት ባል ሜትሩን እየጎተተ ወደምትሥልበት ክፍል ገባና ከግድግዳው ጥግ እስከ መስኮቱ ለካ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ለካ፣ ከዚያም ሜትሩን በሠዓሊዋ ሁለት እግሮች መሃል አሾልኮ፣ "ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ" አላት። ፈቀቅ አለች፤ ብሩሹን ግን አላወረደችም።

"አንድ ሜትር ከሠላሳ" አለ ለሚስቱ። "አልጋው ይገባል። ቁም ሣጥኑም ይገባል። የማይገባው..." አለና የማይገባውን ነገር አየ። የማይገባውም ነገር ብሩሽ እንደያዘ አየው።

እህቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ስምንት ወር ያለፈውን ሆዷን በሁለት እጇ ከሥር ደግፋ።

"ውጪ አላልኩሽም፣ እታለም" አለች። "ሥዕሎቹ ይውጡ ነው ያልኩት። አንቺማ ሳሎን ትተኛለሽ፤ ቤትሽ ነው።"

"ሽታው ከሆነ መስኮት እከፍታለሁ።"

"እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የቀለም ማቅጠኛሽ ተርፐንታይን መስኮት ስለተከፈተለት አመስግኖ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ነው ያለን። ሊያንስም ይችላል፤ በኛ ቤት መቼም ቀኑን ጠብቆ የመጣ ልጅ የለም።"

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ለሠዓሊዋ የተወረወረች ነበረች። በስምንት ወሯ ተወልዳ፣ "ይህቺስ ወረፋ አትወድም" ተብላ፣ ከዚያ ወዲህ ችኩሌ እንደተባለች አለች። ቆማ ትበላለች። ደብዳቤ ከፊርማው ጀምራ ወደ ላይ ታነባለች። ብትቀመጥ እንኳ አንድ እግሯ ወንበሩ ሥር ለብቻው መንገድ ይጀምራል። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ እግሯን ያስቆመላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረጃ። የክሊኒክ ደረጃ፣ የአውቶቡስ ጣቢያ ደረጃ፣ ሊፍቱ የተበላሸ ሕንፃ ደረጃ። መሃሉ በሰው እግር ጎድጉዶ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ መደገፊያው ከእጅ ብዛት የወዛ። ከታች ቆማ ወደ ላይ ታያለች፤ ያየችውን ትሥላለች። ሰው አትጨምርበትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አልሣለችም።

ይህቺን ክፍል ካጣች የምትሥልበት ቦታ የላትም። ቦታ የሌለው ሠዓሊ ምን እንደሚባል ደግሞ በደንብ ታውቃለች። "ድሮ ትሥል ነበር" ይባላል።

የሥነ ጥበብ ማዕከሉ በር ላይ ማስታወቂያ የተለጠፈው በዚያው ሳምንት ነው። ችኩሌ እንደ ልማዷ ከታች ጀመረች። የመጨረሻው መስመር፣ "ከተሳታፊዎች መካከል ለሚመረጥ አንድ ባለሙያ የፎቁ የሥዕል ክፍል ለአንድ ዓመት በነፃ ይሰጣል" ይላል። የላዩን ሳታነብ ገብታ ተመዘገበች። ለሠዓሊያንና ለቀራፂያን የተዘጋጀ የሦስት ቀን የሙያ ማጎልበቻ ዐውደ ጥናት መሆኑን ያወቀችው፣ ደረሰኙ እጇ ከገባ በኋላ ነው። ዘግይታ ማወቋ በጀ። ቀድማ አውቃ ቢሆን በመጣችበት እግሯ በተመለሰች ነበር፤ ዐውደ ጥናት ማለት መሣል የማይችል ሰው መሣል የሚችለውን ሰው ከመሣል ሦስት ቀን የሚያግድበት ቦታ ነው ብላ ታምን ነበርና።

በመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። አዳራሹ ገና ስላልተከፈተ ወደ ፎቁ ወጣች። የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን እየወለወለች ነበር።

"ግቢ ግን እግርሽን ጥረጊ" አለቻት።

ጠርጋ ገባች። ሁለት ረጃጅም መስኮቶች አሉት፤ ፀሐይ ራሷ ሳትገባ ብርሃኗን ብቻ የምትልክባቸው። ወለሉ እንጨት ነው፤ አሮጌ፣ ደረቅ፣ ሲረግጡት ቀስ ብሎ የሚያጉረመርም። ጥግ ላይ ጠርዙ የተቦረቦረ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ከሥሩ የሌላ ሰው ሰማያዊ ቀለም ደርቆ ቀርቷል። ችኩሌ መሃል ላይ ቆመች። የጽዳት ሠራተኛዋ ወልውላ ጨረሰች፣ ባልዲውን ደፋች፣ ተመለሰች፤ ይህቺ ሴት እዚያው ነች።

"ደህና ነሽ?"

"እግሬ ቆመ" አለች ችኩሌ፣ ራሷም ገርሟት።

አሠልጣኙ ብርቱካናማ መነጽርና የመድኃኒት ቤት ግድግዳ የመሰለ ነጭ ስኒከር ያደረገ ሰው ነው። ደረቱ ላይ ስሙን ሳይሆን "ጠይቁኝ" የሚል ስቲከር ለጥፏል። አሥራ ሁለቱ ተሳታፊዎች በክብ ከተቀመጡ በኋላ መሃል ላይ ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሥዕላችሁ የማይሸጠው መጥፎ ስለሆነ አይደለም።" ዝም አለ። ዝምታውን ለማጣጣም ጊዜ ሰጣቸው። "አፍ ስለሌለው ነው።"

"የኔ ዶሮ አላት፤ ምንቃር እንለዋለን" አለ አንድ ድምፅ ከወደ ኋላ።

ጋሼ ብረት ናቸው። ስልሳ ያለፋቸው በያጅ ቀራፂ፤ ከወዳደቀ ብረት ዶሮ ብቻ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲካፈሉ ይህ ሦስተኛቸው ነው፤ የሚመጡትም ለሻዩ እንደሆነ አይደብቁም። "ሰርተፍኬቶቼን ሰብስቤ ብበይዳቸው አንዲት ቄብ ይወጣቸዋል" አሉ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ለችኩሌ። እሷ ሳቀች፤ እግሯ ግን ወንበሩ ሥር መንገዱን ቀጥሎ ነበር።

የሥልጠናው እምብርት ስቴትመንት የሚባል ነገር ሆነ፤ ሠዓሊ ስለ ሥራው የሚጽፈው መግለጫ። አሠልጣኙ በፓወርፖይንት ሦስት ዓምድ አወጣ። በመጀመሪያው "ማንነት፣ ትዝታ፣ ድንበር፣ አካል"፤ በሁለተኛው "ይመረምራል፣ ይጠይቃል፣ ይፈታተናል"፤ በሦስተኛው ችኩሌ ለማንበብ ያልታገሠችው ብዙ ነገር። ከየዓምዱ አንድ አንድ እያነሱ መደርደር ነው። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ዳኞች ፊት መግለጫውን ያነባል፤ ክፍሉ የሚሰጠውም በዚያ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የተባለው ተረት፣ እነሆ በስላይድ መጣ።

አሠልጣኙ እየዞረ ችኩሌ ጋ ደረሰ። ወረቀቷ ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ።

"'ደረጃ።' ጥሩ። እና?"

"ደረጃ እሥላለሁ።"

"ለምን?"

"ደስ ይለኛል።"

አሠልጣኙ ሕመምተኛ እንዳየ ሐኪም በርኅራኄ ተቀመጠ። "'ደስ ይለኛል' አይባልም። 'ማኅበራዊ ተዋረድን ይፈታተናል' ይባላል። ደረጃ፣ ላይ ታች፣ ተዋረድ። ታየሽ?"

"ተዋረድ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።"

"ትዝ እንዲልሽማ ነው ሥልጠናው!"

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ሳንድዊቿን ቆማ ስትበላ፣ ጋሼ ብረት ወረቀታቸውን እንደ ትኩስ ነገር በሁለት ጣት ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ እኔ የምነጋገረው ከብረት ጋር ነው። ከወረቀት ጋር ከተኳረፍን ቆይተናል። እስቲ አስታርቂን።"

"እኔም ለራሴ አቅቶኛል እኮ ጋሼ።"

"ለራስሽ መች አልኩሽ።"

ስልካቸውን አውጥተው ዶሮዎቻቸውን አሳዩዋት። ከብስክሌት ሰንሰለት አንገት የወጣላት፣ ከሹካ እግር የተሠራላት፣ ከአሮጌ ራዲያተር ክንፍ የተገጠመላት። ችኩሌ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ስልኩን አልመለሰችም። ከዚያ ወረቀቱን የደረጃው መደገፊያ ላይ አደረገችና ጻፈች።

"ዶሮ ክንፍ አላት፤ አጥር ትዘላለች፤ ሰማዩን ግን ትታዋለች። ለምን እንደተወችው ማንም ጠይቋት አያውቅም። እኔ ልጠይቃት ብዬ ከተጣለ ብረት እሠራታለሁ። ያገኘኋቸው ብረቶች ሁሉ ሲያገለግሉ ኖረው የተጣሉ ናቸው። ስበይዳቸው ለአንድ አፍታ ቀልተው ያበራሉ፤ እኔም በዚያች አፍታ መልሱን የሰማሁ ይመስለኛል። ሲቀዘቅዙ እረሳዋለሁ። ሌላ ዶሮ እጀምራለሁ።"

ጋሼ ብረት አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት።

"ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ?"

"ዶሮዎቹ ናቸው። እኔ ቆሜ ሰማሁ።"

"እንግዲህ ሳላውቀው ጎበዝ ነበርኩ ማለት ነው" አሉ።

ወሬው ከሻዩ በፊት አዳራሽ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሸክላ ሠሪዋ መጣች። በማግስቱ ጠዋት ፎቶግራፍ አንሺው፣ ከእሱ ቀጥሎ ጨርቅ ላይ የሚያትሙት ሦስቱ ጓደኛሞች። ችኩሌ የሰውን ሥራ ስታይ ዓረፍተ ነገሩ ከፊቷ ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ስለ ራሷ ሲሆን ግን ድርቅ። ማዶ ያለን ቤት ጣሪያ ማንም ያያል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የገዛ ጣሪያውን ከየት ይየው?

በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ገመዱ የሚሉት መጣ። ከጣሪያ ላይ ገመድ የሚያንጠለጥል፣ ገና ጢም ማውጣቱ ያላለቀለት፣ ከዳኞቹ ጋር ከወዲሁ በስማቸው የሚጠራራ ወጣት ነው። ክፍሉን ይወስዳል ተብሎ የሚታማውም እሱ ነው።

"እትዬ፣ ለኔም አንዲት መስመር። ለሰው ሁሉ ጽፈሽ ለኔ ብትነፍጊ ቅናት ያስመስልብሻል።"

"ቅናት ነው እንጂ። ክፍሉን እኔም እፈልገዋለሁ እኮ።"

"ሁላችንም እንፈልገዋለን" አለ በሙሉ ጥርሱ እየሳቀ። "ለዚህ አይደል የሚያምረው።"

ወረቀቱን ተቀበለችው። መጥፎ አድርጋ ልትጽፍለት አሰበች፤ ማንም አያውቅም። ከአሠልጣኙ ሦስት ዓምድ አንድ አንድ አንስታ ብትሰጠው በቂ ነው። የሥራዎቹን ፎቶ ስታይ ግን አንዱ ገመድ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው እንደተቆረጠ አየች። ለምን እንደተቆረጠ ገባት፤ እሱ ራሱ የገባው አይመስልም። እጇ ክፉ መጻፍ እምቢ አላት። ጥሩ አድርጋ ጻፈችለትና ወረቀቱን እንደ ስድብ ወረወረችለት።

ገና ሳይመሽ፣ ቤት እስክትገባ ሳትጠብቅ፣ እህቷ ደወለች።

"ጻፍሽ?"

"ለሰባት ሰው ጻፍኩ።"

"ላንቺስ?"

ስልኩ ውስጥ የእህቷ ባል ሜትር ጥርቅም ሲል ተሰማ።

"እግዚኦ!" አለች እህቷ። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ አብሬያት ነው ያደግሁት!"

በሦስተኛው ቀን ሦስት ዳኞች ተሰየሙ፤ አሠልጣኙ፣ የማዕከሉ ዳይሬክተርና ለማዕከሉ ድጋፍ ከሚያደርገው ድርጅት የተላከች ተወካይ። ዳይሬክተሯ ቁልፍ በትልቅ ቀለበት አስራ አንገቷ ላይ የምታጠልቅ፣ ስትራመድ የምትንቃጨል ሴት ናት። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ተመደበ።

ገመዱ አነበበ፤ ተጨበጨበለት። ሸክላ ሠሪዋ አነበበች፤ ተወካይዋ ማስታወሻ ያዘች። ጋሼ ብረት ተነሡ፤ ከሰንሰለትና ከሹካ የተሠራችውን ዶሮ ጠረጴዛው ላይ አቆሙና ወረቀቱን ከፊታቸው አርቀው ዘረጉት። አርባ ዓመት ጭስ በዋጠ ድምፅ፣ እያንዳንዷን ቃል መዝነው እንደሚያስቀምጡ ሁሉ አነበቡ። "ሲቀዘቅዙ እረሳዋለሁ" ላይ ሲደርሱ የገዛ ዓረፍተ ነገራቸው አስደነገጣቸውና ቆሙ። አዳራሹም አብሮ ቆመ። ተወካይዋ መሐረብ ፈለገች፤ ዳይሬክተሯ ቁልፎቿን ጨምቃ ያዘች፤ አሠልጣኙ ዓምዶቹን ረስቶ አፉን ከፈተ።

ችኩሌ የራሷ ቃል እንዲህ ሲያምር ሰምታ አታውቅም። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በገዛ አፏ ቀናች። ለአንድ ሰው ቢሆን ደግ፤ ጧት ሙሉ ስድስት ጊዜ በሌላ ሰው ጉሮሮ ገብታ ተጨብጭቦላታል፤ ይህ ሰባተኛው መሆኑ ነው። ቀጣዩ ተራ የራሷ ነው፤ የቀራት ጉሮሮ ደግሞ የራሷ ብቻ።

ሥዕሉን ማቆሚያው ላይ አደረገች።

"ደረጃ ነው" አለች።

"እና?" አለ አሠልጣኙ፣ በዓይኑ ሦስቱን ዓምዶች እያሳያት።

"የጤና ጣቢያ ደረጃ። የጀርባው በር።"

"ምንን ይፈታተናል?"

"ጉልበትን።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ብረት ብቻ አልሳቁም፤ አርባ ዓመት ጎንበስ ብሎ የበየደ ሰው ጉልበት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ቀርቷታል። "ተዋረድ" ብላ ልትጀምር አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ እንደ ሌላ ሰው የጥርስ ብሩሽ ሆነባት። እግሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ከዚያ ሥዕሉን አንሥታ ከሰዓቱ ቀድማ ተቀመጠች።

ከሻይ በኋላ ዳይሬክተሯ ውጤቱን አነበበች። ክፍሉን ጋሼ ብረት አገኙ። ተጠባባቂ፣ ገመዱ። ለሌሎቹ አስተያየት በየፖስታው ተሰጠ፤ የችኩሌ እንዲህ ይላል፦ "ተሳታፊዋ የእጅ ችሎታ ቢኖራቸውም ስለ ሥራቸው የሚሉት ነገር የላቸውም።"

ጋሼ ብረት ቁልፉን ተቀበሉና በዓይናቸው ችኩሌን ጠሯት። አብረው ወደ ፎቁ ወጡ። በሩን ከፈቱ፤ አንድ እግራቸውን አስገብተው ወለሉን በተረከዛቸው መቱት። ወለሉ አጉረመረመ። አሁንም መቱት።

"ይሄ ወለል ነው ክብሪት?"

"እንጨት ነው ጋሼ።"

"እኔ በያጅ ነኝ። እዚህ አንዲት ብልጭታ ቢያመልጠኝ ማዕከሉ በሙሉ የጥበብ ሥራ ሆኖ ይነሣል። ከሦስቱ ዳኛ አንዱ እንኳ ይህን አላሰበም?"

"እያለቀሱ ነበር።"

"ያስለቀስሻቸው አንቺ ነሽ። እንግዲህ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ እንኪ" ብለው ቁልፉን ዘረጉላት።

ነገሩ ቀላል ቢሆን ኖሮ እዚህ ያልቅ ነበር። ጋሼ ብረት የፈረሙት ውል ግን በአራተኛው አንቀጽ ክፍሉን ለሌላ ማስተላለፍ ይከለክላል። ቢመልሱት ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል፤ ተጠባባቂው ገመዱ ነው። ሽማግሌው ውሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"እንዲህ እናድርግ። በወረቀት እኔ፣ በሥራ አንቺ። የኔ ረዳት ትባያለሽ። ይህቺን ዶሮ መስኮቱ ላይ እናቆማታለን፤ መጥቶ የሚያይ ቢኖር እሷን ይይ። እኔ ግቢዬ ውስጥ እንደ ልማዴ ጎረቤት እየረበሽኩ እበይዳለሁ።"

"ቢያውቁብንስ?"

"እነሱ? ወለሉን እንኳ አላወቁም።"

ችኩሌ በማግስቱ ገባች። እህቷ በዘጠነኛው ቀን ወለደች፤ ሴት፣ ቀኗን ያልጠበቀች። ክፍሉ የሕፃን ሆነ፤ ቀያሹ አልጋውን በሜትር አስገባው፤ ሁሉም ሰው የሚገባበት አገኘ።

ችኩሌ ግን አላረፈችም። ከዚህ በፊት ደፍራ የማታውቀውን ትልቅ ሸራ ወጥራ፣ አሥራ አንድ እርከን ያለው የአሮጌ መዝገብ ቤት ደረጃ ጀመረች። ብርሃኑ እንዳሰበችው ነው፤ እጇም እሺ ብሏታል። ጆሮዋ ነው እምቢ ያለው። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሸራውን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ መጥረጊያ አንሥታ ዶሮዋን ትወለውላለች። ቁልፍ ሲንቃጨል ከሰማች ደግሞ ልቧ ቀድሟት በመስኮት ይወጣል። አንድ ቀን እርጥቡን ሸራ ስታዞር አራተኛው እርከን ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ታተመ፤ ዶሮዋን አስጠግታ ሸፈነችው። የጽዳት ሠራተኛዋ አይታ፣ "ደረጃ የወጣችው ዶሮ" ብላ ስቃባት ሄደች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ውሉ የሚጠይቀውን የወሩን ሪፖርትም ራሷ ጻፈች፣ በጋሼ ብረት ስም። ስለ ክንፍ ጽፋ፣ ስለ ዝገት ጽፋ፣ ዳይሬክተሯ "ግሩም!" ብላ መለሰችላቸው። ጋሼ ብረት መልሱን በስልክ ሲያነቡላት በጣም ሳቁ። ችኩሌ ግን ስልኩን ዘግታ ሸራውን ስታዞር፣ ሥዕሉን ለቀናት በደንብ እንዳላየችው ታወቃት። ግማሽ ዓይኗን ለበሩ ሰጥታ በግማሹ ነበር የምትሥለው። የሚሠርቅ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ተረጋግቶ ይሠርቃል።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰባተኛው እርከን ላይ ነበረች። መሃሉ ላይ ጎድጎድ ባለችው ቦታ የምታርፈው ጥላ ከሦስት ቀን ጀምራ አልያዝ ብላታለች፤ ከቡናማ ትጨልማለች፣ ከግራጫ ትሞቃለች። ድንገት መጣችላት። እጇ ያዛት፣ እግሯ ቆመ፣ ጆሮዋ ተደፈነ። ቁልፉ ሲንቃጨል አልሰማችም። በሩ ሲከፈት ነው የባነነችው።

ዳይሬክተሯ ናት፤ ከኋላዋ የድርጅቱ ተወካይ።

"ጋሼ የሉም?" አለች ዳይሬክተሯ፤ መልስ ሳትጠብቅ ወደ መስኮቱ እጇን ዘረጋች። "ይኸውልዎት፣ ያቺ ያስለቀሰችን ዶሮ! ሰማዩን እያየች። ይህቺ ደግሞ ረዳታቸው ነች።"

ተወካይዋ ዶሮዋን አየች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ረዳቷን ከዐውደ ጥናቱ አላስታወሰቻትም። ከዚያ ዞር ስትል ሸራው ፊት ለፊቷ ነው፤ ያልዞረ፣ እርጥብ፣ የሚያበራ። ቆመች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፣ እንደገና ቀረበች።

"ይሄስ የማን ነው?"

ለዚህ የሚሆን መልስ ከተዘጋጀ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ "የጋሼ የድሮ ሙከራ ነው፤ እያደስኩላቸው ነው።" ችኩሌ አፏን ከፈተች። ለሰባት ሰው አፍ ሆናለች፤ ስምንተኛ ውሸት ምን ይከብዳል? ያቺ ጥላ ግን ገና አልደረቀችም። ከሦስት ቀን ልፋት በኋላ የያዘቻትን ነገር፣ ገና በትኩሱ ለዶሮ መስጠት አቃታት።

"የኔ ነው" አለች።

ዳይሬክተሯ ቁልፎቿን ያዘች። "ያንቺ ማለት?"

"እኔ የሣልኩት። ጋሼ እዚህ አይሠሩም። ወለሉ እንጨት ነው፤ ብየዳ አይቻልም። እዚህ የምሠራው እኔ ነኝ።"

ዳይሬክተሯ ወለሉን አየች፤ ከተሾመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ፊቷ ላይ ይነበባል። ተወካይዋ ከሸራው ዓይኗን አልነቀለችም።

"ለመውጣት ነው ወይስ ለመውረድ?" አለች።

"አላውቅም። ስጨርሰው ይታወቀኝ ይሆናል።"

"ምንን ነው የሚ..." ብላ ዳይሬክተሯ ጀመረች።

"ምንም" አለች ችኩሌ። "ደረጃ ነው። ደስ ስለሚለኝ ነው።" እግሯን ወደ ታች አየችው፤ ዝም ብሎ ቆሟል።

ተወካይዋ ሌላ አልጠየቀችም። ማንም የማያያት ይመስል፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና ወጣች። ዳይሬክተሯ እስከ መኪናዋ ሸኝታት ብቻዋን ተመለሰች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

"ደንብ ደንብ ነው፤ ታውቂዋለሽ" አለች። "ክፍሉ ለተጠባባቂው ይሄዳል። እስከ ዓርብ ልቀቂ።"

"እሺ።"

"እጅ አለሽ፤ ያንን አልክድም። በሚቀጥለው ዙር ተመዝገቢ። ግን ባዶ አፍሽን አትምጪ እባክሽ። መግለጫሽን ደህና አድርጎ የሚጽፍልሽ ሰው ፈልጊ።" በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች፤ ድምጿን እንደ ምሥጢር ዝቅ አድርጋ። "ለምን ጋሼ ብረትን አትለምኛቸውም? እንደሳቸው ያለ ብዕር እኔ አላየሁም።"

ችኩሌ ሳቋ ሆዷ ውስጥ ሲነሣ ተሰማት። እንዳይወጣ ከንፈሯን ነከሰችው።

"እለምናቸዋለሁ" አለች።

ቁልፎቹ እየተንቃጨሉ ወደ ታች ራቁ። ችኩሌ በሩን ልትዘጋ ሄዳ ሐሳቧን ቀየረች፤ ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ቀለሙ አየር ያግኝ። ጋሼ ብረት ጋ ደውላ ዶሮዋን ዓርብ መጥተው እንዲወስዱ ነገረቻቸው። "ተያዝን?" አሏት። "እኔ ነኝ የተያዝኩት፤ እርስዎ በብዕርዎ ተደናቂ ነዎት" አለቻቸውና ጥያቄ ሳይከተላት ዘጋችው።

ሰኞ ነው። ዓርብ ሲደርስ ይህ ሸራ በየትኛው በር እንደሚገባ አታውቅም፤ በእህቷ በር እንደማይገባ ብቻ ቀያሹ በሴንቲሜትር ሊነግራት ይችላል። አራት እርከን ቀርቷታል። በቀን አንድ እርከን፣ ብርሃኑ ካልከዳት። ብሩሹን በጨርቅ ጠረገች፤ ከሰባተኛው ጥላ ትንሽ አንሥታ ወደ ስምንተኛው ወጣች።